ሽንዲ ላይ ታሪክ ከየት ይጀምራል?

ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት። ከቡሬ ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ በበቆሎና በበርበሬ ማሳ መካከል ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወይና ደጋውን እየለቀቀ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በስተ ሰሜን የአዊ አገው፣ በስተ ምዕራብ መተከል፣ ከወንዙ ማዶ ኦሮሚያ ይገኛሉ። ከዚህች ከተማ በየአቅጣጫው ጥቂት ቀን በእግሩ የተጓዘ ሰው አማርኛ፣ አውኚ፣ ጉሙዝኛ፣ ቦሮ የሚባለውን የሺናሾች ቋንቋና ኦሮምኛ ይሰማል። እዚያው ተወልዶ ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ግን የታሪክ መጽሐፉን ሲገልጥ አክሱምን ያገኛል፤ ቀጥሎ ላሊበላን፣ ቀጥሎ ጎንደርን። እነዚህ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ናቸው። ያልተነገረው እርሱ የቆመበት አፈር ነው። ከእርሱ በፊት ማን አርሶት ነበር፣ ማን ቀፎ ሰቅሎበት ነበር፣ ማን አድኖበት ነበር፣ ማንስ ከላዩ ተገፍቶ ሄደ? የሽንዲ ልጆች የታሪክ ትምህርት ከዚህ ጥያቄ መጀመር አለበት እላለሁ። ጥያቄው ግን የመሬቱን ባለርስት ለመለየት አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሕዝቦች በየተራቸው ከመሬቱ ጋር የተሳሰሩበትን እውቀት ለማሳየት ነው። ይህን የምለው ከታሪኩ ቅደም ተከተል ተነሥቼ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን እንከተል።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሌላ አገር ጥቂት። ነባር ሕዝቦች ከምድራቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ለልጆች በማስተማር ስሟ የሚነሣው አውስትራሊያ ናት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 ሲሰፍሩባት ምድሪቱን ባለቤት እንደሌላት ቆጥረዋት ነበር። ይህ የሕግ ልቦለድ የፈረሰው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ የሆነው ኤዲ ማቦና ባልንጀሮቹ ያቀረቡት ክስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1992 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲወሰን ነው። ዛሬ ብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴት ሕዝቦች ታሪክና ባህል በየትምህርቱ ውስጥ እንዲገባ ያዛል። ልጆቹም የወቅቶችን አቆጣጠር፣ የእሳትና የውኃ አያያዝን ከእነዚህ ሕዝቦች እውቀት ይማራሉ። ከዚያ የምንወስደው አለ፤ ትምህርቱ ከመሬት መጀመሩ ደግ ነው። የማንወስደውም አለ። እዚያ ነባሩንና ሰፋሪውን የሚለይ ቀንና መርከብ አለ። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን የለም፤ ያለው የብዙ መቶ ዓመት መግባትና መውጣት፣ መጋባትና መገፋፋት ነው። የአውስትራሊያን ሥዕል እንዳለ ገልብጦ ሽንዲ ላይ መለጠፍ እንግዲህ ከመነሻው ስሕተት ይሆናል።

ወደ ኋላ መሄድ የምንችለውን ያህል ስንሄድ በዓባይ ዙሪያ የምናገኛቸው አገዎች ናቸው። ከላስታና ከሰቆጣ መጡ የሚል የሰባት ወንድማማቾች ትውፊት በአዊ አለ፤ ሰባት ቤት አገው የሚባለውም ከዚሁ ነው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ እነርሱም በጊዜያቸው እንግዶች ነበሩ ማለት ነው። ይህን ልጆች ገና ከጅምሩ ቢሰሙት ምንኛ ጥሩ ነው! ከዓባይ በስተ ደቡብ ደግሞ ዳሞት የሚባል ኃይለኛ መንግሥት ነበር። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ሞተለሚ የሚለውን የዳሞት ንጉሥ ያነሣል፤ ዐፄ ዓምደ ጽዮንም በ1309 ዓ.ም. ገደማ ዘምተው አስገብረውታል። ዳሞት በዚያን ጊዜ ዛሬ ያለበት ቦታ አልነበረም። ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና ደምበጫን ይዞ ዳሞት ሲባል የምንሰማው አገር ስሙን ያገኘው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የኦሮሞ መስፋፋት ከደቡብ ሲገፋቸው ወንዙን ተሻግረው ከመጡት ሰዎች ነው። በዚሁ ዘመን የጎንጋ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሆኑት ሺናሾች፣ ራሳቸውን ቦሮ የሚሉት፣ የካፋ ዘመዶቻቸውን ከሩቅ ደቡብ ትተው በዓባይ ሰሜን ዳርቻ ቀሩ። ኦሮሞዎችም ተሻገሩ፤ ከፊሎቹ በጎንደር ነገሥታት ፈቃድ እዚሁ ሰፍረው ከአካባቢው ጋር ተዋሐዱ። ስለዚህ ዛሬ «ዳሞት ነኝ» የሚለው የፍኖተ ሰላም ልጅ የሚኮራበት ስም ራሱ ተሰዶ የመጣ ነው።

ሰው ብቻ አይደለም የመጣው። ወንበርማ፣ ቡሬና ጃቢ ጠህናን ዛሬ በበቆሎና በበርበሬ ይታወቃሉ፤ የቡሬ በርበሬ ሲባል ሌላ አገር ያለ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር የወጡ ናቸው፤ ከአትላንቲክ ወዲህ የመጡት ከ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በኋላ ነው። ዓምደ ጽዮን ዳሞትን ሲያስገብሩ በዓለም ላይ በርበሬ የገባበት የሐበሻ ወጥ አልነበረም። ይህን ለልጅ ሲነግሩት መጀመሪያ አያምንም፤ ካመነ በኋላ ግን ትልቁን ነገር ይዞታል። ከመሬት ጋር መተሳሰር በመቅደም ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ በቆሎና በርበሬ የጎጃም ባልሆኑ ነበር። የጎጃም ያደረጋቸው የገበሬው እጅ ነው፤ የትኛው አፈር እንደሚስማማቸው፣ መቼ ችግኝ እንደሚፈላና መቼ እንደሚዛወር፣ ምን ከምን በኋላ እንደሚዘራ ያወቀው ትውልድ ነው።

እውቀት ስንል ባዶ ቃል እንዳይሆን የዓባይ ምንጭ ባለበት ሰከላ ላይ እንቁም። ከዓባይ ምንጭ ጋር የሚያያዝ የመጀመሪያው የአውሮፓ የዓይን ምስክርነት የኢየሱሳዊው ቄስ የፔድሮ ፓኤዝ ነው፤ ግሽ ዓባይን በ1610 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ አየ። ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ ደርሶ ፓኤዝ አልደረሰም ብሎ ለመካድ ብዙ ቀለም አፈሰሰ። በሁለቱ መካከል ማን ቀደመ የሚለው ሙግት በአውሮፓ ረጅም ጊዜ ተካሂዷል። ከብቱን እዚያው እያጠጣ ላደገ የሰከላ ሰው ሙግቱ የሚያስቅ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ብሩስ ሳያስበው የጻፈው ነገር ነው። ምንጩ ጠባቂ ነበረው፤ ጠባቂነቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። አገዎች በዓመት አንድ ጊዜ በኮከብ መውጣት ቀኑን ለይተው ተሰብስበው ያልወለደች ጥቁር ጊደር ያርዱ ነበር። የጎንደር ከተማም ማር፣ ሰም፣ ቅቤና ከብት በብዛት የሚመጣላት ከእነርሱ ነበር። ብሩስ ጣዖት አምልኮ ብሎ ያለፈው ሥርዓት በሌላ ዓይን ሲታይ የውኃ ምንጭ አስተዳደር ነው፤ ማን እንደሚጠብቀው፣ መቼ ማን እንደሚቀርበው፣ በስንት ወገን መካከል ስምምነት እንደሚታደስበት የሚወስን ሕግ። በኋላ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም ገነነበት፤ ዛሬ ምዕመናን ጠበል ብለው ይጠጡታል። ሃይማኖቱ ተለወጠ፣ ቋንቋውም በብዙ ቦታ ተለወጠ፤ ምንጩን የማክበሩ ልማድ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ። የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አገው ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ይህን ረጅም መዋሐድ ነው። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንትም የአማርኛ አወቃቀር ከአገውኛ ብዙ እንደወሰደ ያስረዳሉ። አማርኛ ብቻ የሚናገር የሽንዲ ልጅ እንግዲህ ከአገው ጋር የሚያገናኘውን ነገር በአንደበቱ ይዞ ይዞራል።

ይህ ሁሉ ግን እንደ ሰርግ ዘፈን የሚነገር አይደለም። ታደሰ በዚያው ዓመት ስለ ጉሙዝ የጻፉት ሌላው ጥናት መራሩን ገጽ ያመጣል። ጉሙዞች በደገኛው፣ በአማራውም በአገውም፣ እየተገፉ ወደ ቆላው አፈገፈጉ። ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የነገሥታቱ ዘመቻ ደርሶባቸዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን ሲገዙ መተከል የግብር፣ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ምንጭ ነበረች። የባሪያ ፈንጋዩ ዱካ ከቡሬ ገበያ ሩቅ አልነበረም። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ዛሬ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ልጅ ሆነው። ይህን ከትምህርቱ ማውጣት ትምህርቱን ውሸት ያደርገዋል። ጉሙዞች በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ቆላውን የኖሩበት ጥበብም አብሮ መነገር አለበት። መሬቱን እያሳረፉና ቦታ እያፈራረቁ የሚያርሱበት ሥርዓት፣ የቀርከሃው አጠቃቀም፣ የማሩ፣ የአደኑና የሥራ ሥሩ እውቀት ብዙ ሰው የሚገድለውን የወባ ቆላ መኖሪያ አድርጎታል። ደገኛው ለረጅም ጊዜ ይህን እርሻ ስንፍና አድርጎ ቈጥሮታል፤ የአፈሩንና የሙቀቱን ጠባይ ስላላወቀ ነው።

ደገኛው ደግሞ በራሱ መንገድ ከመሬት ጋር ተሳስሯል፤ ርስት በሚባለው። ምዕራብ ጎጃም ስለ ርስት የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ አገር ጥቂት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያወጣ ነገሩ ከተጠበቀው በላይ ረቂቅ ሆኖ ተገኘ። መሬቱን መጀመሪያ ያቀና የተባለ አቅኚ አባት አለ። ከእርሱ በአባትም በእናትም እወለዳለሁ የሚል ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችላል፤ ፈጅ የሚባለው የወገኑ ተጠሪም መሬቱን ይመድባል። በተግባር ግን ከአቅኚው የሚወለደው ሰው እጅግ ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት ስለሆነ የሚያሸንፈው ትውልዱን በደንብ የሚቈጥር፣ ምስክር የሚያቆም፣ በሸንጎ የሚረታ ነው። ስለዚህ ልጆች የአገራቸውን ታሪክ የሚማሩት ከዛፍ ሥር፣ ከሙግት ነበር። እነማን ከማን እንደተወለዱ፣ የየትኛው መስክ ወሰን የት እንደሆነ፣ የማን ቃል እንደሚታመን ሰምተው ያድጉ ነበር። በላ ልበልሃ ያየ ልጅ የአፍ ታሪክ ጠያቂ ሲያገኝ እንዴት እንደሚፈተን ያውቃል። ይህን ሥርዓት የምናወድሰው ያለ ገደብ አይደለም። በእጅ ሥራ የሚኖሩትን ከርስት ያገለለ ነበር፤ የጣና ዳር ወይጦዎችም ከሐይቁ ጋር ያላቸው ጥንታዊ ትስስር ርስት ሆኖ አልተቈጠረላቸውም፤ ቋንቋቸውም ጠፍቷል። ሆኖም መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ መሣሪያ ያነሣው የመሬት መለኪያው ቀላድ መጥቶ ርስቴን ሊነቅል ነው ብሎ ነው። አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት፤ አልተፈታም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ርስት በአንድ አዋጅ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። በደቡብ ጭሰኛው ሲጨፍር በጎጃም ባለርስቱ በጥርጣሬ አየው። የአዋጁ ፍትሕ አያከራክርም ለሚሉ እስማማለሁ፤ የተባለውን ያህል ያልታየው ሌላ ነገር ነው። ወሰንና ትውልድ የሚያስቈጥረው ሙግት ሲቀር ልጆች የመሬቱን ታሪክ የሚማሩበት መድረክም አብሮ ቀረ። ትምህርት ቤቱም አልተካውም። ወደ 60,000 ገደማ ዘማቾች በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወረዱት ሊያስተምሩ እንጂ ሊማሩ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ የዩኔስኮንም ሽልማት አግኝቷል። አውኚ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ከድርቅ የተረፉ ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎች በበለስ ሸለቆ ፓዌ ላይ ሰፈሩ። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ በቆላው በሽታ አለቁ፤ ጉሙዞች የሚያሳርፉትን መሬትና ጫካ አጡ። የሚያርፈው መሬት በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ባዶ ተብሎ ተቈጥሮ ነበርና። እዚህ ላይ አውስትራሊያ ትዝ ብትለን አይፈረድብንም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። በአዊ አውኚ የመማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላም በመተከል ጉሙዝኛና ቦሮ ወደ ክፍል ገቡ። ይህ ከዚያ በፊት ከተሠራው ሁሉ ይበልጣል። ሆኖም ቋንቋው ሲገባ የመሬቱ ታሪክ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1989 ዓ.ም. በጎጃም መሬት ሲሸነሸን «ቢሮክራሲ»ና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉት ከ1 ሄክታር እንዳይበልጡ ተደረገ። መሬትን ማረስ በማወቅና በመልፋት ሳይሆን በአባት የፖለቲካ ስም የሚለካ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ሲል ሌሎቹን ነዋሪዎች ብሎ አለፈ። ለተገፉት ሕዝቦች መብት መስጠቱ ተገቢ ነበር፤ ባለቤትና ነዋሪ ብሎ መክፈሉ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ክብሪት ሆነ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ቡለን ወረዳ በአንድ ንጋት ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከመተከል የሸሹት አማሮች፣ አገዎችና ሺናሾች ቻግኒ ላይ ተጠለሉ። ሺናሻው በሕጉ ባለቤት ነበር፤ አላዳነውም።

እዚህ ላይ ብርቱው ተቃውሞ ይነሣል። ማን መቼ መጣ፣ ማን ማንን ገፋ የሚለው ነገር ይህን ያህል ደም ካፈሰሰ ለ10 ዓመት ልጅ ማስተማር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ አይደለም ወይ? ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ግን ዝምታውን ሞክረነዋል። ከ1967 ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ስለ ሰፈሩ ዝም ሲል ታሪኩን ያስተማረው ካድሬና ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ እነርሱ ከቅደም ተከተሉ አንዷን ገጽ ገንጥለው፣ የሚጠቅማቸውን ዓመት መነሻ አድርገው ነው የሚያስተምሩት። ሙሉው ሰንሰለት በእጁ ያለ ልጅ ግን አገው ከላስታ፣ ዳሞት ከዓባይ ማዶ፣ ሺናሻ ከጎንጋ፣ በርበሬ ከአሜሪካ መምጣቱን ስለሚያውቅ «ነባርና መጤ» በሚል ቢላዋ በቀላሉ አይታረድም። ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ተቃራኒ ይመጣል፤ ሁሉም መጥቷል ካልን የጉሙዝና የወይጦ በደል ይቀልጣል፣ ገፊና ተገፊ እኩል ይሆናል የሚል። እውነት አለበት። ስለዚህ ነው የባሪያ ፍንገላው፣ የፓዌው ሰፈራና የርስቱ አግላይነት ከነዓመታቸው መነገር ያለባቸው። መምጣት የጋራ ቢሆንም መገፋት ለሁሉም እኩል አልደረሰም።

የአፍ ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፣ እያንዳንዱ ሽማግሌ ለወገኑ ያደላል ለሚሉት የደጋ ዳሞት ሸንጎ መልስ ሰጥቷል። ሆበን ያሳየው ትውልድ አቈጣጠር ሁሉ ጥቅም ያዘለ መሆኑን ነው፤ ሸንጎውም ይህን ያውቅ ስለነበር ቃልን ከቃል እያጋጨ ይመረምር ነበር። ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ዘዴ ትምህርት ከየት ይመጣል? ሁለት ሽማግሌ ስለ አንድ መስክ የሚሉትን ጽፎ፣ የት እንደሚስማሙና የት እንደሚለያዩ፣ ለምንስ እንደሚለያዩ መጠየቅ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አገር በቀል እውቀት የሚለውን ቃል ተቀብሏል። ቃሉ በየመጽሐፉ መግቢያ ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር የሚያደርገው እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ጊዜ የለም፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ይበልጣል ለሚሉም፣ የአዊ ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች በአሲድ የተጎዳ መሬታቸውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለው፣ ከሰል አክስለው፣ መልሰው እህል ሲዘሩበት የሠሩት ስሌት ሒሳብም ሳይንስም ነው፤ ዛፉ ደግሞ፣ እንደ አጋጣሚ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መጽሐፉን ማን ይጽፋል የሚለው ነው። የአዊ ልጅ በአውኚ የሚያነበው በግእዝ ፊደል ነው፤ ከክልሉ ድንበር ወዲያ ያለው የጉሙዝና የቦሮ ተማሪ በላቲን ፊደል ያነባል፤ የሽንዲው በአማርኛ። የአራቱ ቋንቋ መጻሕፍት ስለ አንድ ወንዝ ቢጽፉም የሚያዘጋጃቸው የሁለት ክልል ትምህርት ቢሮ ነው፤ የአንዱ መምህር የሌላውን ገጽ አያይም። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ቢሆንም ይህ ሥራ የሚጀመረው በትልቅ ጉባኤ አይደለም። የወንበርማ፣ የአዊና የቡለን መምህራን ተቀምጠው ስለ ዓባይ ሸለቆ አንድ ምዕራፍ አብረው ቢጽፉ፣ በአራቱም ቋንቋ ቢተረጕሙት፣ በማይስማሙበት ቦታ ላይ አለመስማማታቸውን እዚያው ለልጆቹ ቢያስቀምጡት ይበቃል። የሚያጣሏቸው አንቀጾች የትኞቹ እንደሚሆኑ ከወዲሁ መገመት ይቻላል፤ የጉሙዝ ማፈግፈግና የፓዌ ሰፈራ ናቸው። ጽሕፈቱም ከእነርሱ ቢጀመር ይሻላል።